እዚህ ፊት አይታረምም

ስለ ፎቶ አንሺዋ የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ ማመን ያለበት ነገር አለ፤ በደንብ አያውቃትም። አራት ጊዜ ፎቶ ተነስቶ፣ ሦስቱን ጊዜ ተቆጥታው አንዱን ጊዜ ደግሞ ዝም ብላው የወጣ ደንበኛ አውቃታለሁ ቢል ድፍረት ነው። የቀረው ከአክስቷ፣ ከአንዲት ሴት ሾፌርና ነገሩ በሆነበት ዕለት ተሰልፈው ከነበሩ ሰዎች አፍ የተለቀመ ነው። ጎደለ የሚል ካለ አልተሳሳተም።

ፎቶ ቤቱን ሰፈሩ "ቱግ ፎቶ" ይለዋል። በሩ ላይ የተጻፈው ሌላ ስም ነው፤ ግን በዚያ ስም ጠይቆ ያገኘው ሰው የለም። ባለቤቲቱ ወደ ሃምሳ እየተጠጋች ነው። ቱግ ለማለት ምክንያት አትፈልግም፤ ምክንያቱ ራሱ እየፈለገ ይመጣላታል። ፎቶ ቤቱ ከመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ሃያ እርምጃ ላይ ነው። አንድ ክፍል ናት። ግድግዳው ላይ ነጭ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ፊት መደገፊያ የሌለው ወንበር፣ ከወንበሩ ፊት ኮምፒውተርና ማተሚያ የተጫነበት ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ደግሞ መቀስ የያዙት አክስቷ። አክስትየው ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ጉርድ ፎቶ ይቆርጣሉ፤ እየቆረጡም የተነሳውን ሰው ሁሉ ይተቻሉ።

ከመጋረጃው በላይ በአባቷ እጅ የተጻፈ ሰሌዳ ተሰቅሏል፦ "እዚህ ፊት አይታረምም።" አባቷ ሠላሳ ሁለት ዓመት በዚያ ሰሌዳ ሥር ሰው ሲያነሱ የማንንም ማድያት አላጠፉም፤ የማንንም አፍንጫ አላቀጠኑም። አንዲት ሙሽራ ግንባሯ ላይ ያለውን ብጉር እንዲያጠፉላት ብትለምናቸው፣ "ብጉሩ በሳምንት ይጠፋል፤ ያኔ ተመለሺ" ብለው ሸኟት ይባላል። አባቷ ሲሞቱ ክፍሉን፣ ሰሌዳውንና ትልቁን ካሜራ ወረሰች። ግልፍተኝነቱን ግን አክስቷ እንደሚሉት ከእናቷ ወገን ነው ያገኘችው።

ከሁለት ዓመት በፊት ትልቁ ካሜራ ተበላሸ። ጠጋኙ ከፍቶ አየውና ዕቃው ከፋብሪካ መውጣት ካቆመ ቆይቷል አላት። ይህን ያለው ፈገግ እያለ ስለነበር እስከ ዛሬ አታናግረውም። ከዚያ ሰዎች ለስብሰባ የሚጠቀሙባትን አንዲት ትንሽ ዌብካም ገዝታ ስክሪኑ አናት ላይ ሰካቻት። አብሯት የመጣው ፕሮግራም ግን ደንበኛው ጆሮ ላይ የጥንቸል ጆሮ ልጨምር ወይ፣ ጉንጩን ላለስልስ ወይ እያለ የሚጠይቅ ነበር። ጉንጭ ላለስልስ የሚል ነገር በአባቷ ሰሌዳ ሥር እንዴት ይቀመጣል? አጠፋችው። የራሴን ገጽ እሠራለሁ አለች። ጃቫስክሪፕት የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ በአርባ ሰባት ዓመቷ፣ ደንበኛ በሌለ ሰዓት፣ ከኢንተርኔት ላይ እየቃረመች ጀመረች። ትምህርቷ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነው ያቆመው።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ገጹ ላይ ቪዲዮ የሚታይበት ሳጥን ይቀመጣል። ብራውዘሩ ካሜራውን እንዲሰጥ ይጠየቃል። ብራውዘሩም የኮምፒውተሩን ባለቤት ያስፈቅዳል። ከተፈቀደለት ከካሜራው የሚፈሰው ምስል ሳጥኑ ውስጥ ይለቀቃል። በቃ። ሲሠሩት ግን እንዲያ አይደለም። መጀመሪያ ቀን ብራውዘሩ "ይህ ገጽ ካሜራህን ሊጠቀም ይፈልጋል" ብሎ ሲጠይቃት፣ "የገዛ ካሜራዬን ማን ነህና ነው የምታስፈቅደኝ" ብላ በንዴት "ከልክል" የሚለውን ተጫነች። ብራውዘሩ ቂም ያዘ። ከዚያ በኋላ ብትለምነው፣ ብትዘጋው፣ ብትከፍተው አልጠይቅም አለ፤ የከለከለችውን እየቆጠረ ከለከላት። ክልከላውን የሚያነሳውን ቦታ ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀባት።

እሱ ሲፈታ ደግሞ ሌላ መጣ። የካሜራዋ መብራት በርቷል፤ ስህተት አለ የሚል ነገር አልወጣም፤ ሳጥኑ ግን እንደ ከሰል ጠቁሯል። ሦስት ቀን ተሳደበች። ለካ ምስሉን ወደ ሳጥኑ መልቀቅ ብቻውን አይበቃም፤ ሳጥኑን "አጫውት" ብሎ ማዘዝ ያስፈልጋል።

"ምን ይደንቃል" አሉ አክስቷ መቀሳቸውን እያንቀጫቀጩ። "ሟቹ ባሌም ዓይኑን አፍጦ ተቀምጦ፣ ተነስ ካላልኩት አይነሳም ነበር።"

"አክስቴ፣ ይቁረጡ ዝም ብለው።"

በመጨረሻ አንድ ጠዋት ሳጥኑ ውስጥ አንዲት የተቆጣች ሴት ብቅ አለች። ፎቶ አንሺዋ አፍጣ አየቻት፤ ሴትየዋም አፍጣ አየቻት። የዚያን ዕለት ማንንም አልተቆጣችም ይላሉ አክስቷ።

ችግሩ የመጣው ከደንበኞቹ ነው። ደንበኛው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ራሱን ስክሪኑ ላይ ያያል። ኮሌታው ተጣሞ ሲያይ ሊያቃና እጁን ይሰድዳል፤ እጁ ግን ስክሪኑ ላይ ባላሰበው በኩል ይመጣል። አንገቱን ወደዚህ ሲል ወደዚያ ይሄዳል። ሰው መስታወት ነው የለመደው። በቀን አርባ ጊዜ "ወደዚያ አይደለም፣ ወደዚህ" እያለች ጉሮሮዋ ደረቀ። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ምስል ገለበጠችው። የሚገለብጠው አንድ ቁጥር ነው፤ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ያለበት አንድ። እሱን ስትጽፍ ስክሪኑ መስታወት ሆነ፤ ሰውም ኮሌታውን አቃና።

እዚህ ላይ ብታቆም ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። ስክሪኑ ላይ የተጻፈችው ምልክት የሚታተመውን ፎቶ አትነካውም። ፎቶው ሲታተም ፊቱ እውነተኛ ቦታው ላይ ነው፤ ሌላ ሰው እንደሚያየው። ደንበኛው ደግሞ ስክሪኑ ላይ ያየውንና እጁ ላይ የገባውን ያስተያያል። "ይህ እኔ አይደለሁም" ይላል። "እዚያ ላይ እኔ ነበርኩ፤ እዚህ ላይ ግን አፌ ጠሟል።" አንድ ማክሰኞ ጠዋት በተከታታይ አምስት ሰው ይህንኑ አላት። አምስተኛው አስተማሪ ነበር፤ ሦስት ጊዜ እንድታነሳው አድርጎ፣ በሦስተኛው "እህቴ፣ ሥራውን ካልቻልሽው ለምን አትተዪውም" አላት። እሱ እንደወጣ ኮዱን ከፈተች። የሚታተመው ፎቶ በሚሳልበት ቦታ ላይም ያችኑ ምልክት ጻፈች። "ፊታችሁን ካላወቃችሁት እንካችሁ" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የታተመው ሁሉ ስክሪኑ ላይ እንደሚታየው የተገለበጠ ሆነ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ማንም አላማረረም።

አክስትየው ግን አይተዋል። "አንቺ ልጅ፣ ይህ ሰውዬ ጸጉሩን የሚከፍለው በዚያ በኩል ነበር እንዴ?" አሉ በሦስተኛው ቀን።

"ይቁረጡ ዝም ብለው።"

"መቁረጡንስ እቆርጣለሁ።"

ከዚያም በኋላ የአባቷን ጥቁር ኮት ከቤት አምጥታ ሚስማር ላይ ሰቀለችው። ጽሑፍ ያለበት ልብስ የለበሰ ደንበኛ ሲመጣ፣ "ይህ ቀለም ለፎቶ አይሆንም" ብላ ኮቱን ታለብሰዋለች። ፊት ሲገለበጥ ማንም አያውቅም፤ ፊደል ሲገለበጥ ግን ማንም ያውቃል።

ያችው ሾፌር የመጣችው ከወራት በኋላ አንድ ሰኞ ዕለት ነው። የሠራተኞች ማመላለሻ አውቶቡስ መንዳት ከጀመረች አስራ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ገና ጀማሪ ሳለች የጋለ ራዲያተር ከፍታ እንፋሎቱ ግራ ጉንጯን አቃጥሏታል፤ ጠባሳው ከጆሮዋ ሥር እስከ አፏ ጫፍ ይደርሳል። ሸሚዟ ላይ የድርጅቱ ስም በትልቁ ስለተጻፈ ኮቱን ለበሰች። ስክሪኑን አይታ "አላረጀሁም ማለት ነው" አለች፤ አራት ጉርድ ፎቶ ይዛ ሄደች።

ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ግድግዳው እስኪንቀጠቀጥ በሩን በርግዳ ተመለሰች። ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ በተነቻቸው።

"ያዢ ፎቶሽን። ይህች እኔ አይደለሁም።"

ፎቶ አንሺዋ ይህችን ቃል ከሰማች ወራት አልፏት ነበር። ያጠራቀመችው ሁሉ ባንድ ጊዜ ወጣ።

"አንቺ ካልሆንሽ ማን ናት? ጎረቤትሽ ናት? ሰኞ ዕለት እዚያ ቁጭ ብለሽ፣ አላረጀሁም ብለሽ የሄድሽው ማን ነው? እኔ ፊት አልሠራም። ፊት የሚሠራ ካገኘሽ እሱ ጋ ሂጂ።"

"ጨረስሽ?"

"አልጨረስኩም።"

"ስትጨርሺ ንገሪኝ። እኔ ያለኝ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ነው።"

አክስትየው መቀሱን አስቀመጡ። "እስቲ ትናገር" አሉ።

"እኔ አይደለሁም ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ መንጃ ፈቃድ መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬ ነው" አለች ሾፌሯ። "ቅጹ ላይ ልዩ ምልክት፣ የግራ ጉንጭ ጠባሳ ይላል። ፎቶሽን ፊቴ አጠገብ አስጠግቶ አየና፣ 'ይህችኛዋ የተቃጠለችው ቀኟን ነው፤ እህትሽን ነው ያመጣሽልኝ?' አለኝ። እህት የለኝም አልኩት። 'ታዲያ ማን ናት?' አለኝ። ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። ፈቃዴ ዛሬ ያልቃል። ሰኞ ጠዋት የታደሰውን ካላሳየሁ አውቶቡሱን ለሌላ ሰው ይሰጡታል፤ ስሙን ጽፈው ለጥፈዋል፣ አይቼዋለሁ። አስራ ስድስት ዓመት አንድ ሰው ሳልገጭ ነድቼ በጉንጬ ልባረር?"

ከቦርሳዋ አንድ የቆየ ጉርድ ፎቶ አውጥታ ከአዲሶቹ ጎን አኖረችው። ከአሮጌው መንጃ ፈቃድ የተረፈ ነው። ጀርባው ላይ የዚሁ ፎቶ ቤት ሰማያዊ ማኅተም አለበት።

"አባትሽ ሲያነሱኝ ጉንጬ ቦታው ላይ ነበር" አለች።

ፎቶ አንሺዋ ሁለቱን ፎቶ አየች። ካሜራው ነው ልትል አፏ ድረስ መጥቶባት ነበር። ማን ያውቅባታል? ርካሽ ካሜራ ነው፤ ለስብሰባ የተሠራ ነው። ግን አክስቷ ከጥግ ሆነው እያዩአት ነው፤ ሰሌዳውም ከመጋረጃው በላይ ተሰቅሏል። ተናደደች፤ መጀመሪያ በመስኮቱ ሰውዬ፣ ቀጥሎ በአስተማሪው፣ ቀጥሎ ከመስታወት ጋር በተጋባው ሰው ሁሉ። ንዴቱ እየዞረ ሄዶ የሚያርፍበት ሲያጣ ተመልሶ እሷ ላይ አረፈ።

"እኔ ነኝ የገለበጥኩት" አለች።

"ምን ማለት ነው የገለበጥኩት?"

"ከመስታወት ጋር እንዲመሳሰል። ሰዉ አልወደውም እያለ ስላስቸገረኝ።"

"እኔ አልወደውም አልኩሽ?"

"አላልሽም።"

"ጠየቅሽኝ?"

"አልጠየቅኩሽም።"

ሾፌሯ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። ወዲያ ወዲህ ስታይ ዓይኗ ሚስማሩ ላይ አረፈ። "ለመሆኑ ኮቱን ምን ብለሽ ነው ያለበስሽኝ? ቀለሙ ለፎቶ አይሆንም አላልሽኝም?"

ፎቶ አንሺዋ ዓይኗን ከኮቱ ወደ ሸሚዙ ጽሑፍ አዛወረች።

"ገባኝ" አለች ሾፌሯ ቀስ ብላ። "ጽሑፉ እንዳይገለበጥ ነው። ለሸሚዜ ተጨንቀሽ ለጉንጬ ሳትጨነቂ።"

ፎቶ አንሺዋ ወደ ኮምፒውተሩ ዞራ ኮዱን ከፈተች፤ ያችን የመቀነስ ምልክት ፈልጋ አገኘቻት። አንዲት አጭር ሰረዝ ናት፤ የጣት ጥፍር አታክልም። ቁልፉን እንደ ሚስማር መታችው፤ ሰረዟ ጠፋች። "ተቀመጪ" አለች። ሾፌሯ ከነሸሚዟ ተቀመጠች። ስክሪኑ አሁንም መስታወት ነው፤ ኮሌታዋን አቃናች። ካሜራዋ ቀጭ ሳትል አነሳች፤ ማተሚያው እያጓራ አወጣው። ሸሚዙ ላይ የድርጅቱ ስም በትክክል ይነበባል።

ሾፌሯ ፎቶውን አነሳች፤ ወደ ብርሃኑ አስጠጋችው፤ ፊቷ ተኮሳተረ።

"ይህስ" አለች። "ይህማ ጭራሽ እኔ አይደለሁም። አፌ ጠሟል። ዓይኔም አንዱ ወርዷል።"

አክስትየው አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ለሳቅ ይሁን ለፍርሃት አልተናገሩም።

ፎቶ አንሺዋ ተነሳች። በዚያ ቀን የተናገረችውን አክስቷ እስከ ዛሬ ይደግሙታል፤ ጮኻ አልነበረም ይላሉ፣ ጥርሷን ነክሳ ነው። "ስሚኝ። አፍሽ አልጠመመም። አስራ ስድስት ዓመት ሙሉ ከኋላሽ ተሳፍሮ የኖረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይህንን ፊት ነው። ባልሽም የሚያውቀው ይህንን ነው። ትራፊኩም ይህንን ነው የሚያስቆመው። ፊትሽን በዚህ በኩል የማታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። እኔ የሰውን ፊት የገለበጥኩት ይህንን ለመናገር ስለታከተኝ ነው። አባቴ ሠላሳ ሁለት ዓመት ተናግሯል፤ እኔ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ቻልኩ።"

"ባሌን እዚህ ውስጥ ምን አገባው?" አለች ሾፌሯ።

"ይግባም አይግባም ሰዓቱ እየሄደ ነው" አሉ አክስትየው፤ አራቱን ፎቶ በአራት ምት ቆርጠው ሰጧት።

ሾፌሯ ግን አልወጣችም። "ብቻዬን አልሄድም" አለች። "ጠዋት አንድ ፊት፣ ከሰዓት ሌላ ፊት ይዤ ብቀርብ አታላይ ነው የሚለኝ። አንቺ ነሽ የምትነግሪው።"

ፎቶ አንሺዋ የመጀመሪያዎቹን ፎቶዎች ከጠረጴዛው ለቃቅማ ያዘች። በሩን ክፍት ትታ ቀድማ ወጣች።

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሰልፉ እስከ ደረጃው ደርሷል። ሰዉ ቅጹንና ቡናማ ፖስታውን ይዞ ቆሟል፤ ከፖስታዎቹ ብዙዎቹ ላይ ሰማያዊ ማኅተም አለ። የሷ ማኅተም ነው። ፖስታዎቹን እያየች በጎን አለፈች፤ ሰልፍ አለ የሚሉ ድምፆች ተከተሏት። ሾፌሯ "ተሰልፌ ጨርሻለሁ፤ የተመለስኩ ነኝ" እያለች ከኋላዋ መንገድ ታስለቅቃለች።

የመስኮቱ ሰውዬ ጣቱ ላይ ወረቀት የሚገልጥበት ጎማ ያጠለቀ፣ አንገተ ቀጭን ሰው ነው። ሁለቱን ፎቶ ተቀብሎ ጎን ለጎን አስቀመጠ።

"ሁለቱም የእርስዎ ማኅተም አለባቸው" አላት። "ሁለቱም በዚህ ሳምንት የተነሱ ናቸው። የትኛውን ልመን?"

"ሁለተኛውን።"

"ለምን?"

"የመጀመሪያውን የገለበጥኩት እኔ ነኝ።"

"ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ፤ መስታወቱ አያሰማም።"

"የመጀመሪያውን የገለበጥኩት እኔ ነኝ" አለች፤ አሁን እስከ ደረጃው ተሰማ።

"እንግዲህ ማሽኑ ተሳስቶ ነው ማለት ነው" አለ ሰውዬው። መውጫ ቀዳዳ ሊያሳያት ፈልጎ ይሁን፣ ወይም ለመዝገቡ እንዲመቸው ይሁን አይታወቅም።

"ማሽኑ አልተሳሳተም። ያዘዝኩትን ነው የሠራው።"

ሾፌሯ ቀና ብላ አየቻት። ሰውዬው ባዶ ወረቀት በመስኮቱ ሥር አሾለከ። "ይህንኑ ይጻፉና ይፈርሙ።" ጻፈች። ሦስት መስመር ነው፤ ብዕሩ ወረቀቱን እስኪበሳ ተጭና ጻፈችው። ሰውዬው አነበበ፤ ሁለተኛውን ፎቶ ከሾፌሯ ፊት ጋር አስተያየ፤ ከአሮጌው ፈቃዷም ጋር አስተያየ። ከዚያ ቅጹን ስቦ ማኅተሙን አሳረፈበት። አስራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። ሾፌሯ ጊዜያዊ ፈቃዷን ተቀብላ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ አጥፋ ደረት ኪሷ ከተተችው። ይቅር ማለትም ማመስገንም አልሆነላትም። ግን አልሄደችም፤ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ብላ ቆመች።

ፎቶ አንሺዋ ዞር ልትል ስትል ሰውዬው እንደገና ጠራት።

"ይቆዩ። ይህን የመገልበጥ ነገር ከጀመሩ ስንት ጊዜ ሆነዎት?"

ከኋላዋ ከሰልፉ አንድ ሽማግሌ ፖስታቸውን ከፍተው ፎቷቸውን አወጡ፤ ቅንድባቸውን በጣታቸው ዳሰሱ፤ ተመልሰው ፎቶውን አዩ። ከእሳቸው ቀጥሎ ያለችው ሴት በመስኮቱ መስታወት ላይ ፊቷን ፈለገች። ከሰውዬው ጀርባ እስከ ጣሪያው የተደረደረ የፋይል መደርደሪያ አለ። ማኅተም ያረፈባቸው፣ ያለቁ፣ የማንም ቅሬታ ያልቀረበባቸው ፋይሎች ናቸው። አንድ ቃል ብትናገር ሁሉም ይወርዳሉ፤ ባለቤቶቻቸውም አንድ በአንድ ተጠርተው በዚህ ደረጃ ላይ እንደ አዲስ ይሰለፋሉ።

"ወይዘሮ፣ ጠየቅኩዎት እኮ" አለ ሰውዬው። "ስንት ሰው ነው እንዲህ አድርገው ያነሱት?"

ቁጥሩን ታውቀዋለች። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ፎቶ በተራ ቁጥር ነው የሚያስቀምጠው፤ ከዚያ ማክሰኞ ጀምሮ የመጣውን ጠዋት ጠዋት ስትከፍተው ታየዋለች። ሾፌሯም መልሷን ትጠብቃለች፤ ሰልፉም ይጠብቃል።

ፎቶ አንሺዋ የጻፈችበትን ብዕር በመስኮቱ ሥር መልሳ አሾለከችለት።

"ይህን አልነግርዎትም" አለች።